ሁለት ምልክት ያለው ሰንጢ

ሊል፣ ሴፕቴምበር 20

ውድ ወንድሜ አንሴልም፣

እንደምን ሰነበትክ? ሰንጢዎቹ በደህና ደርሰዋል። ደብዳቤህን ግን ያገኘኋት በማግስቱ ነው፤ አራት መስመር ብቻ ስለሆነች መጠቅለያ መስላኝ ከሳጥኑ ጋር ልጥላት ነበር። ወቀሳ አይደለም። ስልክ ላይ ሁለታችንም ዲዳ ስለሆንን፣ አጭርም ብትሆን ከሰንጢዎቹ መሀል የምትወጣ ወረቀት ታስፈልገኛለች።

ፎቶው ላይ ዳቦ ለምን እንደማስቀምጥ ጠይቀኸኛል። ሰንጢ ብቻውን ነጭ ጨርቅ ላይ ሲተኛ ፖሊስ ከወንጀል ቦታ ያነሣው ይመስላል። ዳቦ፣ የደረቀ ቋሊማ ቁራጭና ትንሽ ፍርፋሪ ሲታከልበት ግን ሰው አባቱን ያስታውሳል። ፍርፋሪውን ሆን ብዬ አልጠርገውም። «የፈረንሳይ ምርጡ ሰንጢ» ብለሽ ጻፊ ያልከኝንም አልጻፍኩም፤ አትቀየመኝ። እዚህ አገር ሰው «ምርጥ» የሚል ቃል ሲያይ ኪሱን ይይዛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሬን ከተማ ሴት አምስት ኮከብ ሰጥታን ከሥሩ «መጥፎ አይደለም» ብላ ጻፈች። ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ይህን ከየት ተማርሽ ላልከኝ፣ ከትምህርት ቤት አይደለም። በትንባሆ መሸጫው ባንኮኒ ከፖስታ የደረሰ እሽግ ለባለቤቱ ሳስረክብ ብዙ ዓመት ቆሜአለሁ። ሰዎች ከኢንተርኔት ያዘዙትን እፊቴ ይከፍቱና ለራሳቸው ያጉረመርማሉ። ፎቶው ላይ ትልቅ ነበር፤ ቆዳ ነው ብለውኝ ነበር፤ ለማን ነው አሁን ይኼ። እኔ ቃላቸውን እለቅም ነበር። ዛሬ ያንተን ገጽ ስጽፍ እነዚያ ሰዎች በትከሻዬ በኩል አሻግረው የሚያነቡ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ከስምህ አጠገብ «በሻጩ በራሱ እጅ የተሠራ» የሚል ማረጋገጫ አኑሮልናል። ሰው የሚያገኘን በእሱ ነው። በኖቬምበር አጋማሽ ደግሞ የገና ገጻቸው ላይ የሚወጡትን ይመርጣሉ። ከገባን የሥራ ቤቱን ኪራይ ትችላለህ። ካልገባን ባለቤቱ እንደዛተው አባባ የሠራበትን ቤት የቱሪስት መኝታ ያደርገዋል። ይህ ሐሳብ እጄን አላስቀምጥ ብሎኛል፤ የጻፍኩትን እሰርዛለሁ፣ የሰረዝኩትን መልሼ እጽፋለሁ።

ለገናው በየሳጥኑ ትንሽ ካርድ ልጨምር አስቤአለሁ፦ «ሰንጢ በስጦታ የተቀበለ ለሰጪው ሳንቲም ይመልስ፤ አለዚያ ስለቱ ወዳጅነትን ይቆርጣል።» ሁሉም ካያቱ የሰማው ነው፤ ተጽፎ ሲያየው ግን ደስ ይለዋል። ምን ትላለህ?

ፊደልህ ምነው ዘመመ? መነጽርህን ቀይር።

እህትህ ናዴዥ


ቲዬር፣ ኦክቶበር 3

ናዴዥ፣

መነጽሬ ደህና ነው። ሥራ ቤቱ ስለሚበርድ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። አያታችን እንደ ድሮ የቲዬር ሠራተኛ ሁሉ ከመሳያው ድንጋይ በላይ በሆዱ ተኝቶ ስለት ሲስል ውሻው እግሩ ላይ ተኝቶ ያሞቀው ነበር። እኔ ውሻም የለኝ።

የሳንቲሙ ካርድ ይሁን። ከምትጽፊው ሁሉ አባባ ቢሰማ የሚገባው እሱ ብቻ ነው።

በኋላ በላክሽው ካርድ ለቅዱሳን በዓል ልምጣ ወይ ላልሽው፣ ዘንድሮ ይቅር። አባባ መቃብር ላይ አበባውን እኔ አኖራለሁ። ክፍልሽ ውስጥም እንጨት ደርድሬበታለሁ።

ክሎቪስ ዶዞልምን ታየዋለህ ወይ ላልሽው፣ አየዋለሁ። መስኮታችን ፊት ለፊት ነው፤ ላለማየት ዓይን መጨፈን ይጠይቃል። የራሱ የሰንጢ ሥራ ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቀኑን ሙሉ መንገዱን ሲጠብቅ ይውላል። አልተነጋገርንም። ሰንጢዬ ሲታጠፍ እንደ መስኮት መዝጊያ ይጮኻል ብሎ በደንበኛ ፊት ያዋረደኝን አልረሳሁም።

በዚህኛው ሳጥን ያሉት እጀታቸው ጠቆር ያለ ቀንድ ነው። ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሺ።

አንሴልም


ሊል፣ ኖቬምበር 4

ውድ አንሴልም፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ትዕዛዙ በዝቶ ነው፤ በዚህስ አታዝንም። እሽጉን ወደ ፖስታ ቤት የምጎትትበት የገበያ ጋሪ እግሩ ተሰበረ፤ የጎረቤቴን የሕፃን ጋሪ ተውሼአለሁ። ሰዎች አጎንብሰው ሕፃኑን ሊያዩ ይመጣሉ።

አንድ የድሮ ደንበኛችን አምና አንድ፣ ዘንድሮ አንድ ገዝቶ ነበር። አዲሱ ሲታጠፍ ድምፁ ለስልሷል ብሎ ጻፈ። በስተርጅና ተሻሽለህልኛል ብዬ ሳቅሁ። ያኔ በኦገስት ምን እንደለወጥክ ጠይቄህ ነበር፤ በሁለት ደብዳቤ አልመለስክልኝም። ዛሬ ደግሞ ሳቁ ጠፋብኝ።

ሙሴ ቴሪዮ የሚባሉ የአንዤ ከተማ ሰው አሉ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። የእኛን ሰንጢ ገዝተው፣ ቀንዱን አንሥተው ከራሳቸው ጓሮ በተቆረጠ የቼሪ እንጨት ሊለውጡት እጀታውን ፈቱት። ከቀንዱ ሥር ባለው የናስ ሽፋን ላይ ምልክት አገኙ። ፎቶ አንሥተው ሁሉ ሰው የሚያየው የጥያቄ ቦታ ላይ ለጠፉት፦ «ጤና ይስጥልኝ ማዳም። ስለቱ ላይ የሙሴ አንሴልም ፎዥሮን ምልክት፣ ቀንድ አውጣው፣ አለ፤ ደስ ይላል። ውስጥ ያለው የዶሮ እግር ምልክት ግን የማን ነው? ከአክብሮት ጋር።» እዚህ ሰው ጠብ ሲፈልግ በጣም ጨዋ እንደሚሆን ታውቃለህ። ብዙ ሰው ደግሞ ጥያቄው ጠቃሚ ነው ብሎ ተጭኖበታል፤ ስለዚህ ከገጹ ሁሉ በላይ ተሰቅሏል።

ያን የዶሮ እግር አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ስሄድ በየጠዋቱ ከፊት ለፊታችን በር በላይ አየው ነበር። አንሴልም፣ የክሎቪስ ዶዞልም ምልክት በእኛ ሰንጢ ውስጥ ምን ይሠራል?

የገናው ምርጫ ሊደርስ ነው። መልሱን በፍጥነት ላክልኝ።

ናዴዥ


ቲዬር፣ ኖቬምበር 7

ናዴዥ፣

ለምን ትጨነቂያለሽ። የክሎቪስ ሥራ ቤት ሲዘጋ አሮጌ ናስ በጨረታ ገዝቼ ነበር። ምልክቱ ቀድሞውኑ ተመትቶበት ነበር። እንዲያ ብለሽ ጻፊላቸው።

ሌላው ደህና ነው። ሳልሽ እንዴት ሆነ?

አንሴልም


ሊል፣ ኖቬምበር 13

አንሴልም፣

ሳሌ ለቆኛል። ያልከኝን ጻፍኩላቸው። ሙሴ ቴሪዮ በማግስቱ መለሱ። ናሱ አሮጌ ቢሆን ጠርዙ ይጠቁር ነበር፤ ምልክቱም የተመታው ናሱ ከተሞረደ በኋላ ነው፤ ሕይወቴን ሙሉ ብረት ሳስተምር ኖሬ ይህን ካላወቅኩ ጡረታዬን ልመልስ አሉ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ማዳም፣ እርስዎ የዋሹ አይመስለኝም። የተዋሹ ይመስለኛል።»

ብዙ ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ያን ውሸት ባንተ ስም የጻፈው የእኔ ጣት ነው። ስለዚህ ሳልጠይቅህ አንድ ነገር አደረግሁ። ገጹን ዘጋሁት። አሁን የሚከፍተው ሰው «ለጊዜው አንሸጥም» የሚል ብቻ ያያል። የገናው ምርጫ ነገ ከነገ ወዲያ ነው፤ የተዘጋ ገጽ አይመረጥም። ይህን አውቄ ነው የዘጋሁት። ከዘጋሁት ጀምሮ ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወንበር እላለሁ።

ክሎቪስ ሰንጢ ሰርቆ ሸጦልህ ከሆነ፣ ወይም አንተ የእሱን ገዝተህ ቀንድ አውጣችንን መትተህበት ከሆነ፣ ንገረኝ። የማላውቀውን ነገር ቆንጆ አድርጌ መጻፍ አልችልም።

ናዴዥ


ቲዬር፣ ኖቬምበር 17

ናዴዥ፣

ይህን ጽሕፈት አታውቂውም። የክሎቪስ ዶዞልም ነው። ወንድምሽ አጠገቤ ተቀምጦ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የማልስማማበት ሲመጣ በቅንፍ እገባለሁ ብዬዋለሁ፤ እያጉረመረመ እሺ ብሏል። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው።

እህቴ፣ ይቅርታ። ካለፈው ማርች ጀምሮ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ብርዱ ነው አልኩ። ቀጥዬ ቡናው ነው አልኩና ቡና ተውኩ። (አልተወም።) የክሌርሞን ሐኪም የበሽታውን ስም ነገረኝ። የእናታችን ወንድም የነበረበት ነው፤ ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያመጣ እንዳናየው ፊታችንን እናዞርለት የነበረው።

አንድ ጠዋት ስለት ደጋግሞ ከእጄ ወደቀ። የመጨረሻው እግሬ አጠገብ እንጨቱ ላይ ተተከለ። ቀና ስል ክሎቪስ በሩ ላይ ቆሟል። ከመስኮቱ ሲያየኝ ኖሯል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ሞረዱን ከእጄ ወሰደ።

«ተነሥ ወዲያ፣ አንተ ሰውዬ፣» አለኝ። «ሰንጢ ለሚገዛ ሁሉ ጣት ልትመርቅ ነው እንዴ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ይሠራል። እኔ ቀንዱን እመርጣለሁ፣ ስለቱን እወለውላለሁ፣ እሱን እሰድባለሁ። ስድባችን መንገድ ላይ ስለሚሰማ ሰፈሩ እንደ ድሮው የተጣላን ነው የሚመስለው። ድምፁ ለሰለሰ ያለሽ ደንበኛ ልክ ነው። ስለቱን የሚይዘው የክሎቪስ ሞላ ነው። (ሃያ ዓመት ስነግረው አልሰማ ብሎ።)

ለምን አልነገርከኝም ትያለሽ። ገጹ ላይ ስለኔ የጻፍሽውን በደብዳቤ ልከሽልኝ ነበር፦ «ከመጀመሪያው ሙረዳ እስከ መጨረሻው ውልወላ፣ በአንድ ሰው እጅ።» ያን ሰውዬ ወደድኩት። እውነቱን ብነግርሽ ልትሰርዢው ነው። ደግሞም መጥተሽ በባንኮኒው ዓይንሽ እንዳታዪኝ ፈራሁ፤ ዕቃው ተሰብሮ የደረሰውን ሰው በምታዪበት።

የዶሮ እግሩን ግን እኔም አላውቅም ነበር። ካንቺ ደብዳቤ ነው ያወቅሁት። ክሎቪስን መጠየቅ አፈርኩና የጨረታውን ውሸት ከራሴ ፈጠርኩ። ገጹን እንደዘጋሽ ስሰማ ጠየቅሁት። ሥራውን ሳያቆም፣

«በቲዬር የሌላ ሰው ምልክት መትቶ የሚሠራ ምን ይባላል?» አለኝ።

«ሌባ፣» አልኩት።

«የሌላ ሰው ሥራ ላይ የራሱን ምልክት የሚመታስ?»

መወልወያውን አነሣሁ።

«እኔ ሌባ እንዳልሆን ውስጡ መታሁት። አንተ ሌባ እንዳትባል ቀንድ ሸፈንኩበት። የአንዤ ሰውዬ ይፈታዋል ብዬ መች አሰብኩ።»

(እንዲህ አሳምሬ አልተናገርኩም። መሀሉ ላይ ስድብ ነበረበት። ክ.)

ገጹን እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ስሜን ሰርዢው። ሥራ ቤቱም ከሄደ ይሂድ፤ ብቻ አንቺ በእኔ ምክንያት ከወንበር ወደ መስኮት አትበዪ።

አንሴልም

(ስሙን ራሱ ነው የጻፈው። የዘመመው ለዚህ ነው እንጂ ጉልበቱ ላይ አይደለም።)


ሊል፣ ኖቬምበር 30

ውድ አንሴልም፣ ክሎቪስም፣

ዝም ያልኩት ተቆጥቼ እንዳይመስላችሁ። ቃል አጥቼ ነው። አንሴልም፣ ስለ እጅህ ዛሬ አልጽፍም፤ ብጀምር ሌላውን ሳልነግራችሁ ወረቀቱ ያልቃል።

በሁለተኛው ደብዳቤአችሁ ምን ጻፍሽ ላላችሁኝ፣ ይኸውላችሁ። ዳቦውንና ቋሊማውን ከፎቶው አነሣሁ። ሁለቱን ምልክቶች ብቻ፣ የውስጡንም የውጩንም፣ ጎን ለጎን አደረግሁና ከሥሩ ይህን ጻፍኩ፦

«ካለፈው ማርች ወዲህ የገዛችሁት ሰንጢ የተሠራው በአንሴልም ፎዥሮን ቤት ነው፤ የሠራው እጅ ግን የክሎቪስ ዶዞልም ነው። አንሴልም እጁ ታሟል። ይህን ሳናውቅ ሌላ ጽፈን ነበር፤ ከዚያም ስንጠየቅ ያልሆነ መልስ ሰጥተናል። መመለስ የፈለገ ይመልስ፤ ገንዘቡን ከነመላኪያው እንከፍላለን። የሚያስቀምጠው ሰው የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን ይወቅልን።»

ከዚያ ገጹን ከፈትኩ፤ ጫማዬን አጥልቄም ወጣሁ። ስመለስ የሚጠብቀኝን ላለማየት ቦዩን ይዤ እስከ መጨረሻው ድልድይ ሄድኩ።

ድረ ገጹ ማረጋገጫውን አነሣብን። የገናው ገጽም አለፈን። የተመለሰ ሰንጢ አለ። በአንዱ ሳጥን ውስጥ «አባቴ በሞተ ሰሞን ያጽናናኝ ነበር፤ አሁን ሳየው ይከፋኛል» የሚል ወረቀት ነበረ። እሷን ወረቀት አልጣልኳትም። የሬኗ ሴት ደግሞ ኮከቧን ወደ ሦስት አወረደችው፤ «መጥፎ አይደለም» የሚለውን ግን አልነካችውም።

ቀጥሎ የሙሴ ቴሪዮ እሽግ መጣ። ከፈትኩት። የቼሪ እጀታ ለብሶ፣ ተወልውሎ ነው የመጣው። ሊመልሱት አይደለም። የዶሮ እግሩ ከቀንድ አውጣው አጠገብ፣ ስለቱ ላይ፣ በግልጽ ይመታልኝ ይላሉ። ይህንኑ ገጹ ላይ ስለጻፉት ሌሎችም ይጠይቁኝ ጀምረዋል። ክሎቪስ፣ ከተሳለ ስለት ላይ ምልክት መምታት ይቻላል ወይ? ካልተቻለ ንገረኝ፤ እንደማይቻል እጽፋለሁ። ከእንግዲህ የማይቻለውን መጻፍ አይከብደኝም።

የቤቱ ባለቤት ምን አለ? በሁለት ደብዳቤአችሁ ዘላችሁታል።

ናዴዥ


ቲዬር፣ ዲሴምበር 12

ናዴዥ፣ ወንድምሽ እንዲህ ይላል።

የተሳለ ስለት ላይ መምታት አይቻልም፤ ይሰነጠቃል። ክሎቪስ ግን በቀጭን መውጊያ በእጁ ይፈለፍለዋል። ለአንዤው ሰውዬ ተሠርቶለታል፤ በዚሁ ሳጥን አለልሽ። (የቼሪ እጀታው ሥራ መጥፎ አይደለም። እንዲህ ብሏል በያቸው።)

የቤቱን ባለቤት የዘለልነው መልስ ስላልነበረን ነው። አሁን አለን። ክሎቪስ መደበቁ ካለቀ ወዲያ ሥራ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ በኩሽናው ያስቀመጠውን የሥራ ዕቃ አውጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ እያየ መንገዱን አሻገረው። የኪራዩን እኩሌታ እሱ ሊከፍል ስሙ ከስሜ ጋር ውሉ ላይ ገብቷል። ባለቤቱ ፊቱን አኮማትሮ እስከ ከርሞ ገና ፈረመልን። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። እጄም እስከዚያ ምን እንደምትሆን አላውቅም።

ክፍልሽ ውስጥ እንጨት የለም፤ ኖሮም አያውቅም። አልጋሽ ተነጥፏል።

ከሙሴ ቴሪዮ እሽግ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለው የሚሸጥ አይደለም። ያንቺ ነው። ስለቱን ክሎቪስ፣ ውልወላውን እኔ። ከዚህ በታች ያለችውን መስመር ማንም አልጻፈልኝም።

ዳቦ ቁረጪበት። ፎቶ አታንሺው።


ሊል፣ ዲሴምበር 19

ውድ አንሴልም፣

በራስህ እጅ የጻፍካትን መስመር ለማንበብ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ከተነበበች በኋላም ብዙ ጊዜ አልተጣጠፈችም።

ዳቦ ቆርጬበታለሁ። ሲታጠፍ ድምፁ የለም ማለት ይቻላል። ምን ይሻለኛል ብዬ መላልሼ ከፈትኩት፣ አጠፍኩት፤ የፎቁ ጎረቤቴ እንኳ አልተቆጣም።

ለገና አልደርስም። ትዕዛዙ እንደፈራነው አልሆነም፤ የገናውን ገጽ ያህል ባይሆንም አለ፣ ጋሪውም ገና ሕፃን የያዘ ይመስላል። የጃንዋሪ ቅናሽ ሲጀመር ገበያው ሁሉ ዋጋ ሲያወርድ እኛ አናወርድም፤ ስለዚህ ያኔ የሚፈልገኝ ሰው የለም። ያኔ እመጣለሁ። አንድ ነገር ቃል ግባልኝ፦ ማንኪያህን ስታነሣ ፊቴን አላዞርም፤ አንተም አዙሪ አትበለኝ።

ካርዱ ላይ በሙጫ የተለጠፉት ሁለት ሳንቲሞች ለስጦታው ናቸው። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ። እኩል ናቸው፤ አትጣሉባቸው።

እህትህ ናዴዥ


ቲዬር፣ ጃንዋሪ 5

ናዴዥ፣

ዛሬ የምጽፍልሽ እኔ ክሎቪስ ነኝ። ወንድምሽ ቀንድ ሊመርጥ ገበያ ወጥቷል፤ ስለዚህ ቅንፍ የለም።

አገኘው ወይ እንዳትዪ፣ ሳንቲሙን አግኝቷል። ካርዱን አንብቦ ሲጨርስ የመወልወያው አቧራ ዓይኔ ገባ አለኝ። መወልወያው ቆሞ ነበር።

ቀናቱ አንድ አይደሉም። አንዳንዴ ጠዋት ቁልፉን በሩ ውስጥ ማስገባት ያቅተዋል። እኔ ከውስጥ ሰምቼ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ፤ ካልቻለ በሩን ሲሳደብ ያን ጊዜ እከፍትለታለሁ። ይህን ሳትመጪ ብታውቂው ይሻላል ብዬ ነው። የባቡርሽን ሰዓት ጻፊ፤ ጣቢያው ድረስ እኔ እመጣለሁ፣ ዳገቱ ለእሱ ከባድ ነው።

የእኔ ሳንቲም ላይ የዶሮ እግሬን መታሁበትና ከጠረጴዛዬ በላይ ቸነከርኩት። የእሱን ኪሱ ውስጥ ከቁልፉ ጋር አድርጎታል። ያቺ እጁ ሰው እንዳያያት ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ናት፤ ስትንቀጠቀጥ ሳንቲሙና ቁልፉ ይንቃጨላሉ። እሱ አይሰማውም። እኔ ግን ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ሞረዴን አስቀምጬ፣ ሳይደርስ በሩን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ። በአጋጣሚ የተከፈተ ይመስለዋል።

አሁን እየመጣ ነው።

ክሎቪስ